መኪናውን ሸጥኩላቸው፤ ቀሪውን ገንዘብ ለመጠየቅ ግን አፈርኩ

«እንደምን ሰነበቱ? ዓምድዎን ዘወትር አነባለሁ፤ ዛሬ ደግሞ ራሴ ጠያቂ ሆኜ መጣሁ። የዛሬ 11 ወር መኪናዬን ለቅርብ ጓደኛዬና ለባለቤቷ ሸጥኩላቸው። ደላላ አልነበረም፤ ውልም አልጻፍንም። የዋጋውን ግማሽ መኪናውን የተረከቡ ዕለት ከፈሉኝ፤ የቀረውን በ6 ወር ውስጥ በየወሩ እኩል እኩል ሊከፍሉኝ ተስማማን። ሁለት ወር በባንክ ላኩልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ምንም የለም። ስጽፍላት «እሺ የኔ እህት፣ ትንሽ ታገሺን» ትለኛለች። በቅርቡ ደግሞ ፍሪሲዮኑ ተቃጥሎ ብዙ ወጪ እንዳስወጣቸው ነገረችኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ፍሪሲዮኑ ከፍ ብሎ እንደሚይዝ ስሸጥላቸው ነግሬያቸው ነበር፤ ግን «ትንሽ ነገር ናት» ብዬ አለፍኩት። ስሙ እስካሁን አልዞረም። ባለፈው ወር እነሱ ያጠፉት የትራፊክ ቅጣት በስሜ መጣ፤ ለእነሱ መናገር አፍሬ ራሴ ከፈልኩት። ትርፉ ቁልፍ እኔ ጋ ነው። ወንድሜ «ሂጂና መኪናሽን አምጪ» እያለ ይወተውተኛል። የልጃቸው ልደት ላይ ሰበብ ፈጥሬ ቀረሁ። ገንዘቤንም እሷንም ሳላጣ ምን ላድርግ?
ይሉኝታ ያሰረኝ»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ቆም ያልኩት ቅጣቱ ላይ ነው። ሌላ ሰው ላጠፋው ጥፋት፣ ለአጥፊው እንኳ ሳትነግሪ፣ ከኪስሽ አውጥተሽ ከፈልሽ። እነሱ ቅጣት መምጣቱንም አያውቁም። አንቺ ግን በውስጥሽ «ይህንንም አደረጉኝ» ብለሽ መዝግበሽዋል። ያልተከፈለው ገንዘብ እንዳለ ሆኖ፣ በመካከላችሁ የቆመው ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል፦ አንቺ የምታውቂው፣ እነሱ ያልሰሙት ሒሳብ።

ከሁሉ በፊት ግን ስሙን እናንሳ፤ እሱ ከዕዳው ይልቅ ያስፈራኛል። መኪናው በስምሽ እስካለ ድረስ ቅጣትም ሆነ ዓመታዊ ክፍያ አንቺን ፈልጎ ይመጣል። ይህ ደግሞ ቀላሉ ነው። በብዙ አገር፣ መኪና ሰው ገጭቶ ጉዳት ካደረሰ፣ ማንም ይንዳው ማን፣ መጀመሪያ የሚጠራው በመዝገብ ላይ ያለው ባለቤት ነው። «ሸጬዋለሁ» ብትዪ እንኳ ወረቀት የለሽም። አንዳንድ አገር ሻጩ መሸጡን ራሱ እንዲያሳውቅ የሚያስገድደው ለዚህ ነው፤ ለምሳሌ በካሊፎርኒያ ሻጩ በ5 ቀን ውስጥ ለመኪና መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ማስታወቅ አለበት። አንቺ ባለሽበት ቦታ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ መስጠት ይቻል እንደሆነ ነገ ጠዋት ጠይቂ። የገዢውን ፈቃድ የማይጠይቅ ከሆነ ሳትውዪ ሳታድሪ አድርጊው።

ምናልባት «ስሙ እኔ ጋ ቢቆይ መያዣ ይሆነኛል» ብለሽ ይሆናል። ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል፤ ከፍለው ሳይጨርሱ ሊብሬውን የማይሰጡ ሻጮች ሞልተዋል። እኔ ግን ይህን መያዣ አልወደውም። የሚይዘው እነሱን ሳይሆን አንቺን ነው። እነሱ እየነዱ ነው፤ ሌሊት ስልክ ሲጮህ የምትደነግጪው አንቺ ነሽ። መያዣ ከፈለግሽ ትክክለኛው መንገድ ስሙን አዙሮ ቀሪውን ዕዳ በመኪናው ላይ ማስመዝገብ ነው፤ የአገርሽ ሕግ ይህን የሚፈቅድ ከሆነ ገንዘቡ ተከፍሎ ሳያልቅ መኪናውን ለሌላ መሸጥ ይከብዳቸዋል።

ስለ ኢንሹራንሱ አልጻፍሽልኝም። አሁንም በስምሽ ከሆነ ተናደሽ እንዳትሰርዢው፤ መኪናው በስምሽ ሆኖ ያለ ኢንሹራንስ መንገድ ላይ ከዋለ አደጋው እጥፍ ነው። ግን መኪናው እጅ መለወጡን ለኩባንያው ንገሪ። ይህን ያልሰማ ኩባንያ አደጋ ሲደርስ «የኢንሹራንሱ ውል ከአንቺ ጋር እንጂ ከእነሱ ጋር አይደለም» ብሎ ሊከራከር ይችላል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። «ትንሽ ታገሺን» ላለችሽ ምን ብለሽ መለስሽላት? ደብዳቤሽ አይናገርም፤ ግን እገምታለሁ። «ምንም ችግር የለም» ብለሻል። ከዚያ ስልኩን አስቀምጠሽ ተናደድሽ። ይሉኝታ እንዲህ ነው የሚያደርገው፦ ከአፍ የሚወጣውንና ከልብ ያለውን ይለያያል፤ ሌላው ሰው ደግሞ የሚሰማው የአፍን ብቻ ነው።

ይህን የምልሽ ስላለፍኩበት ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ለሥራ ባልደረባዬ ሞተር ሳይክል ሸጬ ነበር፤ ከፊሉን ከፈለኝ፣ ከፊሉ ቀረ። አልጠየቅኩትም። ጠዋት ጠዋት ሞተሯን ግቢው ውስጥ፣ ከጥበቃው ጎን ቆማ አያታለሁ፤ መቀመጫዋ ላይ እኔ ያስለበስኩት ጥቁር ጨርቅ አለ። ባየኋት ቁጥር ሆዴ ይቆጣል፤ እሱን ሳገኘው ግን ፈገግ እላለሁ። ምሳ አብረን መብላት ቀረ፤ ለምን እንደቀረ እሱ አልገባውም። በሁለተኛው ዓመት ሥራ ሊለቅ ሲል እንደምንም ደፍሬ አነሳሁበት። ደነገጠ። «እኔ እኮ የተውክልኝ መስሎኝ ነው፤ አንድም ቀን ስላላነሳኸው» አለኝ። እየዋሸ አልነበረም፤ ፊቱን አይቻለሁ። ገንዘቡን በሦስት ጊዜ ከፍሎ ጨረሰልኝ። ሁለቱ ዓመት ግን እንደ ሄዱ ቀሩ።

ደብዳቤሽ ውስጥ ሌላም ነገር አየሁ። የሸጥሽው ለሁለት ሰው ነው፤ የምትጽፊው ለአንዷ ብቻ ነው። ባለቤቷ ምን ያህል እንደቀረ ያውቃል? ምናልባት ከፍለው የጨረሱ ይመስለዋል። ወይም ለዚሁ ብሎ የሰጣት ገንዘብ ለሌላ ችግር ውሎ፣ እሷ በአንቺና በእሱ መካከል ተጨንቃ ይሆናል። ይህ ግምት ነው፤ ግን ለአንዱ እየጻፉ ሌላውን ዝም ማለት እንዲህ ዓይነት ክፍተት ይፈጥራል። ስለዚህ ከአሁን በኋላ ስለዚህ ጉዳይ የምትጽፊው መልእክት ሁሉ ለሁለቱም በአንድ ላይ ይሂድ። ጓደኛሽን ለማሳጣት እንዳይመስልብሽ፣ ቀድመሽ ደውለሽ «ዛሬ ለሁለታችሁም ልጽፍ ነው» በያት። የሚነገር ነገር ካላት ያኔ ትነግርሻለች።

ስለ ፍሪሲዮኑ እንነጋገር። እዚህ ላይ ልቆጣሽም ላመሰግንሽም እፈልጋለሁ። ሳትደብቂ ስለጻፍሽልኝ አመሰግናለሁ። ፍሪሲዮን ከፍ ብሎ ሲይዝ፣ ማለትም ፔዳሉ ተለቆ ሊያልቅ ሲል ብቻ መኪናው ንቅንቅ ሲል፣ አብዛኛውን ጊዜ ሸራው እያለቀ መሆኑን የሚናገር ምልክት ነው። ለነጂ ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ጥገናው ግን ትንሽ አይደለም፣ ምክንያቱም ሸራውን ለመቀየር ካምቢዮ መውረድ አለበት። አንቺ ነግረሻቸዋል፤ ነገር ግን «ትንሽ ነገር ናት» ብለሽ ክብደቱን ከቃሉ አውጥተሽዋል። ለማታውቂው ሰው ብትሸጪ ኖሮ ወደ ጋራዥ ወስዶ ያሳይ ነበር። እነሱ ያላሳዩት ስላመኑሽ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ፍሪሲዮን ሻጩ ብቻ የሚጨርሰው ዕቃ አይደለም። እግሩን ፔዳሉ ላይ ጥሎ የሚነዳ፣ ዳገት ላይ በፍሬን ፈንታ በፍሪሲዮን የሚይዝ ሰው በጥቂት ወር ውስጥ ሊጨርሰው ይችላል። ስለዚህ ወጪው ሁሉ የአንቺ ነው ማለት አይቻልም፤ ምንም አይመለከትሽም ማለትም አይቻልም። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን የጋራዡን ደረሰኝ አይቼ የሸራውንና የእጅ ዋጋውን ግማሽ ከቀሪው ዕዳ እቀንስላቸዋለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ። ጎማ፣ ዘይት፣ የፍሬን ሸራ፣ ባትሪ አይጨመርም፤ እነዚህ ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው የሚጠብቃቸው ወጪዎች ናቸው። ደረሰኝ ከሌለ ቅናሽ የለም። ይህን ራስሽ ቀድመሽ ብታቀርቢ «ተጎድተን ሳለ ገንዘብ ትጠይቀናለች» የሚለው ቅሬታ መሠረቱን ያጣል፤ አንቺም ቀሪውን ስትጠይቂ አንገትሽን ሳትደፊ ትጠይቂያለሽ።

ከመገናኘታችሁ በፊት አንድ ማታ ቁጭ ብለሽ ያለሽን ሰብስቢ። ውል የለኝም ብለሽ ተስፋ አትቁረጪ። ሁለቱ የባንክ ዝውውሮች እኩል መጠን ያላቸው፣ በተከታታይ ወራት የገቡ ናቸው፤ ይህ ብቻውን በየወሩ የሚከፈል ዕዳ እንደነበረ ይናገራል። «ትንሽ ታገሺን» የሚለው የእሷ መልእክት ደግሞ ከምታስቢው በላይ ይጠቅምሻል፤ ዕዳ የሌለበት ሰው ታገሺኝ አይልም። የርክክቡ ቀን የተነሳችሁት ፎቶ ካለ፣ ስለ ዋጋው የተጻጻፋችሁት ካለ፣ ሁሉንም ከነቀኑ ስክሪንሾት አድርገሽ ከስልክሽ ውጭም አስቀምጪ። የቅጣቱን ወረቀትና የከፈልሽበትን ደረሰኝም ጨምሪ።

ሒሳቡ ራሱ ቀላል ነው። ግማሹ ተከፍሏል፤ ከቀረው ግማሽ ከ6 ክፍያ 2ቱ ገብተዋል፤ 4 ቀርተዋል። ስለዚህ የቀረሽ ከጠቅላላው ዋጋ አንድ ሦስተኛው ነው። ቅጣቱን ደምሪ፣ የፍሪሲዮኑን ግማሽ ቀንሺ፤ የሚመጣው ቁጥር ነው የምትጠይቂው። «ያ ነገር»፣ «የቀረችው» እያልሽ አትጥሪው። ቁጥሩን ከነሳንቲሙ ተናገሪ።

መልእክቱን ለመጀመር ቢከብድሽ እኔ እንዲህ እጽፈው ነበር፤ አንቺ በራስሽ አነጋገር ለውጪው፦

«እንደምን ናችሁ? ለሁለታችሁም የምጽፈው ጉዳዩ ሁለታችሁንም ስለሚመለከት ነው። የመኪናው ዋጋ ግማሽና ሁለት ወርኃዊ ክፍያ ደርሶኛል። አራት ክፍያ ቀርቷል። ባለፈው ወር ደግሞ የትራፊክ ቅጣት በስሜ መጥቶ ከፍያለሁ፤ ቀድሜ ልነግራችሁ ይገባ ነበር፣ ወረቀቱን አያይዣለሁ። ፍሪሲዮኑን በሚመለከት እኔም ድርሻ አለኝ ብዬ ስለማምን የጋራዡን ደረሰኝ ይዛችሁ ብትመጡ እንነጋገርበታለን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተገናኝተን ቀሪውን የምትከፍሉባቸውን ቀኖችና ስሙን የምናዞርበትን ቀን እንወስን። ቅዳሜ ካልተመቻችሁ እሁድ ይሁን።»

ይቅርታ አትጨምሪበት። «ካስቸገርኳችሁ» የምትለውን ቃል ከጻፍሽ አጥፊያት። ለልጃቸው ልደት ስለቀረሽበት ማዘንሽን መናገር ከፈለግሽ በሌላ ቀን፣ በሌላ መልእክት ንገሪያት፤ ከዕዳው ጋር አትቀላቅዪው።

ስትገናኙ ገንዘብ የለንም ሊሉሽ ይችላሉ። እውነት ሊሆን ይችላል፤ በ11 ወር ውስጥ ሰው ላይ ብዙ ነገር ይደርሳል። ያኔ ክፍያውን ማሳነስ ትችያለሽ፤ በአራት የነበረውን ስምንት ማድረግ ትችያለሽ። «ሲመቸን እንከፍላለን» የሚለውን ግን አትቀበዪ፤ ቀን የሌለው ክፍያ ክፍያ አይደለም። የመጀመሪያው ክፍያ፣ ትንሽም ቢሆን፣ በዚያው ሳምንት ይግባ። ጨርሶ የማይችሉ ከሆነ መኪናውን ሸጠው ከዋጋው ላይ የአንቺን ይስጡሽ። መኪናውን ይመልሱና የከፈሉት ይመለስላቸው የሚባለውን ግን በጥንቃቄ ነው የማየው፤ የነዱበት ጊዜ፣ ያለቀው ዕቃ፣ የተጠገነው ሁሉ ዋጋ ማውጣት ይጠይቃል፣ አዲስ ክርክርም ይወልዳል።

የተስማማችሁበትን እዚያው ጻፉት። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ? አንድ ገጽ ይበቃል፦ የሦስታችሁ ሙሉ ስም፣ የመኪናው ሰሌዳና የሻንሲ ቁጥር፣ የተሸጠበት ቀንና ዋጋ፣ የተከፈለው፣ የቀረው፣ እያንዳንዱ ክፍያ የሚገባበት ቀንና የሒሳብ ቁጥር። አንድ ክፍያ ከተወሰነ ቀን በላይ ከዘገየ ቀሪው በሙሉ በአንድ ጊዜ የሚጠየቅ መሆኑንም ጻፉ። ባልና ሚስት ሁለቱም ይፈርሙ፤ ሁለታችሁም ወገን የምታምኗቸው ምስክሮች ቢኖሩ ደግ ነው። ስሙ የሚዞርበትም ቀን ይግባ፤ ብትችሉ መፈራረሙና ስም ማዛወሩ በአንድ ቀን ይሁን።

ይህ ወረቀት ለወዳጅነት ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። ለማንኛውም ዕዳ መጠየቂያ ጊዜ አለው፤ ይርጋ የምንለው። በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1845 ለውል የተቀመጠው አጠቃላይ ጊዜ 10 ዓመት ነው፤ በእንግሊዝና በዌልስ 6 ዓመት ነው፤ በጀርመን ግን 3 ዓመት ብቻ ነው፣ የሚቆጠረውም ዕዳውን የመጠየቅ መብት ከተፈጠረበት ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ነው። በሦስቱም ቦታ ባለዕዳው ዕዳውን በፊርማው ካመነ ወይም ከፊሉን ከከፈለ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል። አንቺ ገና 11 ወርሽ ነው፤ ጊዜ አለሽ። እየጠፋ ያለው ማስረጃውና የሰው ትዝታ ነው።

አልመጡም፣ ወይም ፈርመው አልከፈሉም እንበል። ያኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይላክ፤ ስድብ የሌለበት፣ ቁጥሩን የያዘ፣ 15 ቀን የሚሰጥ፣ መድረሱ በፊርማ የሚረጋገጥ። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚህ ላይ ይፈታል፤ ሰው ዕዳው በወረቀት ሲመጣበት ያነበዋል። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ወገን የሚያከብሩት አስታራቂ አለ፣ ፍርድ ቤትም አለ። በብዙ አገር አነስተኛ የገንዘብ ክርክሮች ያለ ጠበቃ በአጭር ሥርዓት የሚታዩበት ችሎት አለ። ከመክሰስሽ በፊት ግን አንድ ነገር አስቢ፦ ፍርድ ማግኘትና ገንዘብ ማግኘት ይለያያሉ። ደመወዝ ወይም ንብረት ያለው ሰው ላይ ፍርድ ይፈጸማል፤ ምንም የሌለው ላይ ግን ወረቀት ይዘሽ ትቀሪያለሽ። እነሱ ቢያንስ መኪናው አላቸው።

ፌስቡክ ላይ ስማቸውን ማውጣት፣ መሥሪያ ቤታቸው ደውሎ ማሳጣት፣ ለጋራ ጓደኞች ማሰራጨት፣ ከእነዚህ አንዱንም አታድርጊ። ገንዘቡን አያመጣልሽም፤ ስም በማጥፋት ሊያስከስስሽም ይችላል።

የወንድምሽ ምክርም ከዚሁ ይቆጠራል። ተቆርቁሮልሽ እንደሆነ ይገባኛል። ነገር ግን ሸጠሽ፣ ግማሹን ተቀብለሽ፣ ያስረከብሽውን መኪና ሌሊት ሄዶ በትርፍ ቁልፍ አስነስቶ ማምጣት፣ ሊብሬው በስምሽ ቢሆንም እንኳ፣ በብዙ ቦታ በወንጀል ሊያስጠይቅ ይችላል። ባይከሱሽስ? ጠዋት መስኮት ከፍታ መኪናው የቆመበት ቦታ ባዶ ሆኖ ያየች ሴት፣ ማን እንደወሰደው ስትሰማ፣ ከዚያ በኋላ ስለ አራቱ ክፍያ ማንም አያወራም። የሚወራው ስለዚያ ሌሊት ነው።

አንድ መንገድ ደግሞ ቀርቷል፤ ጽፈሽ ባትጠይቂኝም እነግርሻለሁ። ተቀምጠሽ አስበሽ ገንዘቡን ልተውላቸው ካልሽ ትችያለሽ፣ ያንቺ ነው። ግን ከተውሽ በአፍሽ ተናገሪ፦ «ይህን ያህል ነበር፣ ትቼላችኋለሁ» በያቸው። ስሙን ግን ያንኑ ሳምንት አዙሪ። በሆድ ይዞ መተው መተው አይደለም፤ እኔ ሁለት ዓመት ያደረግኩት እሱን ነው።

ዛሬ ማታ ደውዪላት፤ ከዚያ መልእክቱን ለሁለቱም ላኪ። ቁልፉን ፖስታ ውስጥ አድርገሽ ላዩ ላይ የሰሌዳ ቁጥሩን ጻፊበት። ቅዳሜ ስትሄጂ ይዘሽው ሂጂ፤ ወረቀቱን ፈርመው ሲጨርሱ ለጓደኛሽ በእጇ ስጫት።